የማይበርደው ኮምፒውተርና የአቶ ሞላ ምርቃት

ግንቦት አምስት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ፣ ወረታ ከተማ በሚገኘው ቤቴ ኮምፒውተሬ በሥራ ላይ እንዳለ ጠፋ። መብራት አልሄደም። ገመድ አልተነቀለም። የነካው ሰው የለም።

ዕድሜዬን የፈጀሁት በሬዲዮ ዘጋቢነት ስለሆነ እንዲህ ያለውን አጀማመር ለምጄዋለሁ። ሰዓቱን፣ ቀኑንና የሆነውን ታስቀምጣለህ፤ ምክንያቱ ከኋላ ይመጣል። የዚህኛው ጉዳይ ምክንያት ግን እስካሁን አልመጣም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰዎች «ከሥራ ዘመንህ የትኛው ዘገባ ከበደህ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ስለ ጎርፍ፣ ስለ ወረርሽኝ፣ ስለ ምርጫ ሰሞን እንድነግራቸው ይጠብቃሉ። እኔ ደግሞ ከጡረታ በኋላ ስለገጠመኝ የኮምፒውተር ማቀዝቀዣ እነግራቸዋለሁ። ይስቃሉ። ቢስቁም ከዚህ የበለጠ ግራ ያጋባኝ ጉዳይ የለም።

ሥራ የጀመርሁት ሐሙሲት ነው። ሐሙሲት መንገድ ዳር ስለሆነች ዜና ከአውቶቡስ ይወርድ ነበር፤ ሾፌሮች ከጎንደርም ከባሕር ዳርም ያመጡትን ወሬ ምሳቸውን እየበሉ ያራግፋሉ። የእኔ ሥራ ከወሬው ውስጥ እውነቱን መልቀም ነበር። ከዚያ ወደ ይፋግ ተዛወርሁ። እዚያ ደግሞ ዜና የገበያ ቀን ብቻ ነው የሚገኘው፤ በሌላው ቀን ከተማው ከእኔ በቀር የሚጠይቅ የለውም። ደመወዙ የዘጋቢ ደመወዝ ነበር፤ ከዚህ በላይ የሚወራለት አይደለም። አለቆቼም ዓይነት ዓይነት ነበሩ። አንዱ ቁጥር ይወድ ነበር፤ ዝናብ ዘነበ ስለው «ስንት?» ይለኛል። ሌላው ማሳመር ይወድ ነበር፤ እኔ «ስብሰባ ተካሄደ» ብዬ የላክሁት በሬዲዮ ሲነበብ «ደማቅ ስብሰባ» ሁኖ እሰማዋለሁ። ስብሰባው ላይ ግማሹ ሰው ተኝቶ ነበር።

ወረታ ስመደብ የቅርንጫፉ ኃላፊ ጋሽ ይርጋ ነበሩ። ሙያውን የተማርሁት ከእሳቸው ነው። ማይክ ከመክፈታቸው በፊት የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ይከታሉ፤ ቲክ ቲክ ማለቱ ይቀረጻል ባይ ናቸው። ከገበሬ ጋር ሲቀመጡ ሁልጊዜ ዝቅ ያለውን መቀመጫ፣ ዱካውን፣ ይመርጣሉ። ጥያቄ ከመጀመራቸው በፊት ደግሞ ማንም ሳይናገር የቦታውን ድምፅ ብቻ አንድ ደቂቃ ያህል ይቀዳሉ፤ ከብት ካለ ከብቱን፣ ነፋስ ካለ ነፋሱን። እኛ ወጣቶቹ «ጋሽ ይርጋ ባዶ ይቀዳሉ» እያልን እናፌዝ ነበር። እያፌዝንም ግን እኛም እንደዚያው ማድረግ ለመድን።

ዜና ይዤ ስገባ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነበር።

«አየኸው፣ ሰማኸው፣ ወይስ አሰብኸው?»

አንድ ክረምት ውኃው የፎገራን ሜዳ ሲሞላው ከማዶ የመጡ ሰዎች አንድ ትንሽ ድልድይ በጎርፍ ተወሰደ አሉኝ። ለየብቻ ጠየቅኋቸው፤ ሁሉም አንድ ቃል ናቸው። ዜናውን ይዤ ሮጥሁ።

«አየኸው?» አሉ ጋሽ ይርጋ።

«ሰማሁት፤ ያውም ከብዙ ሰው።»

«እንግዲያው ሂድና እየው።»

ሱሪዬን ጠቅልዬ ሄድሁ። ድልድዩ ቆሟል። የጠፋው ከወዲህና ከወዲያ ያለው መንገድ ነው፤ ድልድዩ ውኃ መሀል ብቻውን እንደ ወንበር ተቀምጧል። ሰዎቹም አልዋሹም፤ መሻገር ስላልቻሉ ድልድዩን እንደሌለ ቆጠሩት። ከዚያ ቀን ወዲህ «ተወሰደ» የሚለውን ቃል ስሰማ እግሬ ይነሣል።

ይህ ሁሉ ልምድ ኮምፒውተሩ ላይ ምን ፈየደልኝ? እንዲህ ነው የሆነው።

ከፋሲካ በኋላ አንዲት ወጣት በራችንን አንኳኳች። ትርንጎ ትባላለች፤ ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው። ቁጭ በይ ብላት እንቢ ብላ ቆመች።

«ጋሽ ታደለ እርስዎ ነዎት? አባቴን ቀድተውታል አሉኝ።»

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የሞላ። ሩዝ በመዝራት የሚታወቀው ሞላ።»

አስታወስሁ። ሩዝ በሜዳው ላይ ገና እየተለመደ በነበረበት ዘመን፣ የዘራውን ገበሬ ለማነጋገር መቅረጸ ድምፄን ይዤ ከቤቱ ሄጄ ነበር። በሬዲዮ የተላለፈው ስለ ሩዙ የተናገረው ብቻ ነው። አቶ ሞላ በዚያው ዓመት በወባ እንደሞተ በኋላ ሰምቻለሁ።

«እኔ ያን ጊዜ እቅፉ ላይ ነበርሁ አሉ» አለች ትርንጎ። «እናቴ አንጓች እንደምትለው ወሬውን ሲጨርስ ‹ይችን ልጄን› ብሎ መርቆኛል። እኔ ድምፁን አላውቀው፤ ፎቶም የለው። ግንቦት አሥራ ሰባት ሠርጌ ነው። ሙሽራ ከቤት ስትወጣ አባት ነው የሚመርቃት። አጎቴ እኔ እመርቅሻለሁ ብሎኛል፤ ይመርቀኝ፣ አልጠላሁም…»

ቀጥላም «ካለ ይስጡኝ። ከሌለም የለም ይበሉኝና ልረፈው» አለች።

ካሴቱ ነበር። ሳጥን ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ተቀምጦ አገኘሁት። አጫወትሁት፤ ድም፣ ድም፣ ድም ይላል። ከአቶ ሞላ አጥር ጀርባ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ ነበር፤ ዲናሞው እንደ ዘፈን ከበሮ ይመታል። ስለ ሩዙ ሲናገር ማይኩን ወደ አፉ አስጠግቼ ስለያዝሁ ይሰማል። ወደ መጨረሻው ግን ማይኩን ዝቅ አድርጌዋለሁ፤ ወፍጮው ዋጠው። ሰው መናገሩ ይታወቃል፤ ምን እንደሚል አይታወቅም።

የካሴቱን ድምፅ ወደ ኮምፒውተሬ ገለበጥሁት፤ እዚያ ላይ እንዲህ ያለውን ጩኸት ከድምፅ ለይቶ የሚያወጣ ፕሮግራም አለ። ፕሮግራሙ ሥራውን ለመጀመር ጩኸቱን ብቻውን መስማት ይፈልጋል፤ ይህን አውጣልኝ ብለህ ናሙና ትሰጠዋለህ። ካሴቱ መጀመሪያ ላይ ማንም ሳይናገር አንድ ደቂቃ ሙሉ ወፍጮ አለ። ስናፌዝበት የኖርነው የጋሽ ይርጋ ባዶ ደቂቃ። ናሙናውን ሰጠሁት፤ ፕሮግራሙ ጀመረ፤ ኮምፒውተሩ ትንሽ አጉረመረመና ጠፋ። አበራሁት፤ ጀመረ፤ ጠፋ። ያን ማክሰኞ የጠፋው ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ መቁጠር ትቼ ነበር።

ለምን ሌላ ቦታ አልወሰድኸውም የሚለኝ አለ። በዚያ ሰሞን የባሕር ዳር መንገድ አንድ ቀን ሲከፈት አንድ ቀን ይዘጋል። ኢንተርኔቱ ይህን የሚያህል ድምፅ አይሸከምም። የከተማችን የፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተሮች ደግሞ ማመልከቻ ከመጻፍ ያለፈ አቅም የላቸውም።

ዳዊትን ጠራሁት። ዳዊት ከአዲስ አበባ መጥቶ መናኸሪያው አጠገብ የኮምፒውተር ጥገና የከፈተ ልጅ ነው። የኮምፒውተሩን ሳጥን ጎን ሲከፍተው የሩዝ እብቅ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ወረታ ውስጥ መፈልፈያ የሌለበት ሰፈር ስለሌለ ብናኙ የማይገባበት ቤት የለም።

«ጋሼ፣ ይኸ ኮምፒውተር ነው ወይስ ጎተራ?»

«ምርቱ ጥሩ ነበር ማለት ነው» አልሁት።

ጠራረገው። ችግሩ ግን አልተፈታም። ዳዊት ያስረዳኝ እንዲህ ነው፤ ሥራውን ሁሉ የሚሠራው ፕሮሰሰር የሚባለው ትንሽ ካሬ ነገር ነው፤ ሲሠራ ይግላል፤ በላዩ ኩለር የሚባል፣ ብረትና ፋን የሚሉት ማራገቢያ ያለው ነገር ተቀምጦ ያቀዘቅዘዋል። የእኔው ኩለር ደክሟል። ፕሮሰሰሩ ሲብስበት እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል። መፍትሔው ሌላ፣ ትልቅ ኩለር ገዝቶ መግጠም ነው።

ኩለሩን ከባሕር ዳር በሚኒባስ አስላክን። መንገዱ በተከፈተ ቀን ደረሰ። በዚያው ቀን ዳዊት ደብረ ታቦር ለለቅሶ ሄደ፤ ከሄደ በኋላ መንገዱ ተዘጋ። እሱ እዚያ፣ ኩለሩ እዚህ።

ካርቶኑን ስከፍተው የወጣው ነገር የጭነት መኪና ራዲያተር ይመስላል። ባለቤቴ ውድነሽ ከበሩ ላይ ሁና አየችው።

«ይኸ ነው እዚያ ውስጥ የሚገባ?»

«አዎ።»

«ኮምፒውተሩ ነው እሱ ውስጥ የሚገባ ብትለኝ አምን ነበር።»

ከኩለሩ ጋር የብረት እግሮች፣ ምንም ያልተጻፈባቸው ከረጢቶች ውስጥ የታሰሩ ብሎኖችና አንድ ወረቀት አለ። ወረቀቱ ላይ ፊደል የለም፤ ሥዕል ብቻ ነው። አንድ እጅ ብሎን ይዞ ይታያል። የትኛውን ብሎን እንደያዘ እጁ አይናገርም። እግሮቹም ለተለያየ ዓይነት ኮምፒውተር የተሠሩ ናቸው፤ የእኔው የትኛው እንደሆነ የሚነግረኝ የለም። ብሎኖቹን ጨርቅ ላይ ዘረጋሁ። ሁለቱ ዓይነት ብሎን በዓይን አንድ ነው፤ ስትገጥመው ብቻ ነው አንዱ እንቢ የሚልህ። ትክክለኛው እንቢ ያለው ነው ወይስ የገባው? የገባውም ዝም ብሎ እየዞረ አይጠብቅም።

ዳዊትን በስልክ አገኘሁት። ኔትወርኩ እየመጣ ይሄዳል።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ የድሮውን ኩለር ያውጡ። አራቱን ብሎን ይፍቱ።»

«ፈታሁ።»

«ከኋላ በእጅዎ ይዘውታል አይደል?»

«ምኑን?»

ከሳጥኑ ውስጥ ጧ የሚል ድምፅ መጣ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ ዳዊት።

«አንድ ብረት ከኋላ ወደቀ።»

«እሱን ነበር እኮ ይያዙ ያልሁዎት!»

«አላልኸኝም።»

«ልልዎት ስል ተቋረጠ!»

የወደቀው ብረት ሁሉም ነገር ከተሰካበት ሰሌዳ፣ ማዘርቦርድ ከሚሉት፣ ጀርባ ሁኖ ብሎኖቹን የሚቀበል ነው። እሱን መልሶ ለመያዝ ማዘርቦርዱን በሙሉ ከሳጥኑ ማውጣት ግድ ሆነ። ገመዶቹን ከመንቀሌ በፊት አንድ በአንድ በስልኬ ፎቶ አነሣኋቸው። ፎቶዎቹን በኋላ ሳያቸው ሁሉም የጣቴ ፎቶ ናቸው።

የድሮው ኩለር ብሎኑ ተፈትቶም ከቦታው አልነቃነቅ አለ። ከሥሩ ያለው ቅባት፣ ፔስት የሚሉት፣ ደርቆ እንደ ሙጫ ይዞታል። ሳብሁት። እንቢ አለ። ጠንከር አድርጌ ሳብሁት፤ ተነቅሎ መጣ። ስገለብጠው ፕሮሰሰሩ ሥሩ ተጣብቆ አብሮ ወጥቷል። መያዣው ሳይከፈት ነው የተመነገለው። ፕሮሰሰሩ ከሥሩ እንደ ብሩሽ ፀጉር የቀጠኑ እግሮች አሉት። በማዕዘኑ በኩል ያሉት ተጣመዋል።

ለዳዊት ደወልሁለት። ጥሪ አይቀበልም። በዚያው ሰዓት ትርንጎ አልኮል ይዛ ገባች፤ የደረቀውን ቅባት የምንጠርግበት አልኮል ካላት ብዬ ጠይቄአት ነበር። ጠረጴዛው ላይ የተበተነውን ሁሉ አየች።

«አባቴ ያለው እዚህ ውስጥ ነው?»

«አይ፣ አይ። እሱ ካሴቱ ላይ ነው፤ ካሴቱ ደህና ነው።»

«እና ይኸ ምንድን ነው?»

«ይኸ… ይኸን ገና እያጣራሁ ነው።»

አልኮሉን አስቀምጣ ሄደች። በሩ ላይ ደርሳ ዞር ብላ «አጎቴን ተዘጋጅ ልበለው?» አለችኝ። በሥራ ዘመኔ የማላውቀውን ነገር «አላውቅም» ለማለት ተቸግሬ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን ቃሉ አልወጣልኝ አለ።

ወደ ጋሽ ይርጋ ቤት ሄድሁ። ጋሽ ይርጋ የዓይን ሞራ ስለያዛቸው አጥርተው አያዩም፤ ከቤታቸው እስከ ቤቴ ግን መንገዱን በከዘራቸው ያውቁታል። ይዤአቸው መጣሁ። ከጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጡ፤ ሰዓታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ከተቱ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

«እህ፣ ምን ሆነ?»

«ተበላሸ።»

«ተበላሸ ዜና አይደለም። ተሰበረ ወይስ ጎበጠ?»

«ጎብጧል።»

«የተሰበረ አለ?»

በአጉሊ መነጽር አየሁ። «የለም።»

«አየኸው?»

«አየሁት።»

«እንግዲያው ምን ያስለቅስሃል? የጎበጠ ይቀናል።»

ውድነሽ የእጅ ባትሪ ያዘችልኝ፤ እኔ በልብስ መርፌ እግሮቹን አንድ በአንድ አቀናሁ። ውድነሽ «እጅህ ጥላ ይጥልብሃል» አለችኝ። «ባትሪውን አጣመሽ ስለያዝሽው ነው» አልኋት። ሁለታችንም ልክ ነበርን መሰለኝ።

ፕሮሰሰሩ ከቦታው ገባ። ከዚያ በኋላ ያለውን በቅደም ተከተል መናገር ይቸግረኛል። አዲሱ ኩለር ሲቀመጥ አንዱን ብሎን ሳጠብቅ ሌላው ወገን ይነሣል፤ ያንን ስጫን ይኸኛው ይለቅቃል። ጋሽ ይርጋ ከወንበራቸው «ያዘ?» ይላሉ፤ «ያዘ መሰለኝ» ስላቸው «መሰለህ ወይስ ያዘ?» ይላሉ። ፋኑ ጎን ላይ ሁለት ቀስት አለ፤ አንዱ ፋኑ የሚዞርበትን፣ ሌላው ነፋሱ የሚሄድበትን ያሳያል አሉ። የትኛው የትኛውን እንደሆነ ግን አይልም። አንዱን መርጬ ገጠምሁ። በመጨረሻ ሁሉም ገብቶ የሳጥኑን ክዳን ልመልስ ስል ኩለሩ ከሳጥኑ ጎን ወጣ ብሎ ቀረ። ክዳኑ አይዘጋም። ከሳጥኑ የተረፈ ኩለር ነው የገዛነው።

ክፍቱን አበራሁት። ስክሪኑ መጣ። ጋሽ ይርጋ «በራ?» አሉ። «በራ» አልሁ። የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚያሳየው ቁጥር ዝቅ ብሏል። እጄን ወደ ኩለሩ ባስጠጋ ቀዝቃዛ ነው። ለትርንጎ ደወልሁላት፤ «አጎትሽን ቆይ በይው» አልኋት።

ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት፣ ፕሮግራሙን አስጀመርሁና ለመሳለም ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ስመለስ ኮምፒውተሩ ጠፍቷል።

እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ነው ግራ መጋባት ምን እንደሆነ ያወቅሁት። ጎርፍ ውስጥ ቆሜ ዘግቤአለሁ፤ ጎርፍ ቢያንስ ከየት እንደመጣ ይታወቃል። አዲስ ኩለር፣ የጸዳ ሳጥን፣ የቀናው እግር፣ ቀዝቃዛ ብረት፤ ጠፋ። ቀረብ ብዬ ሳየው ኮምፒውተሩ ነጭ ለብሷል። አራት እጥፍ የታጠፈ የወባ አጎበር።

«ውድነሽ!»

«አቤት።»

«ይኸ ምንድን ነው?»

«አጎበር ነዋ። ክፍቱን ትተኸው ሄድህ፤ ማዶ ወፍጮው ተነሣ፤ እብቁ በመስኮት ይገባል። እንደገና ጎተራ ይሁን?»

በእኛ አገር አጎበር የማይሸፍነው ነገር የለም። ችግኝ ይሸፈንበታል፤ በርበሬ ሲሰጣ ይሸፈንበታል፤ ቴሌቪዥን ይሸፈንበታል። አንዳንድ ቤት ከአልጋ በቀር ሁሉም አጎበር አለው። ውድነሽ ከወረታ ሴት ሁሉ የተለየ ነገር አላደረገችም። አጎበሩን አነሣሁ። ቀዳዳዎቹን የሩዝ ብናኝ ደፍኗቸዋል።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አጎበሩን አንሥቶ፣ ሌላ ምንም ሳይነኩ፣ ማየት። ሠርጉ ግን ደርሶ ነበር። አጎበሩን ባነሣሁበት እጄ ፋኑንም ነቅዬ አዙሬ ገጠምሁት፤ ብሎኖቹንም እንደገና አጠበቅሁ። አስጀመርሁት። አጠገቡ ወንበር ይዤ ተቀመጥሁ። ውድነሽ መስኮቱን ዘጋች። ፕሮግራሙ እስከ መጨረሻው ሄደ። አልጠፋም።

ጋሽ ይርጋ በማግስቱ መጥተው ሰሙ።

«እና ያጠፋው ምን ነበር?»

«አጎበሩ ነው።»

«ፋኑንም አዙረሃል።»

«አዎ።»

«ብሎኑንም አጥብቀሃል።»

«አዎ።»

«መስኮቱም ተዘግቷል። እንግዲያው አጎበሩ ነው ያልኸው ከየት አምጥተህ ነው? አሰብኸው።»

ዳዊት መንገዱ ሲከፈት መጥቶ አጎበር ነፋስ ያሳልፋል፣ ይኸ አይደለም፣ ቅባቱ እስኪረጋ ጊዜ ይፈልጋል አለ። ውድነሽ መስኮቱ ነው ትላለች፤ ወፍጮው ሲነሣ ነው የሚጠፋው ባይ ናት። አንድ ጎረቤት የመብራት ኃይሉ ነው አለኝ። ሁሉንም ለየብቻ ጠየቅሁ፤ ቃላቸው አይገጥምም። መልሼ አንድ በአንድ እንዳልሞክረው፣ ሠርጉ ሳይደርስ ያንን ኮምፒውተር የምነካበት ድፍረት አልነበረኝም፤ ከሠርጉ በኋላ ደግሞ ጠፍቶ አያውቅም። ምክንያቱን አላውቅም። ይህን የምጽፈው በዚያው ኮምፒውተር ነው፤ ክዳኑ ዛሬም ክፍት ነው።

ግንቦት አሥራ ሰባት፣ እሑድ፣ የጸዳውን ድምፅ በፍላሽ ይዤ ወደ ሠርጉ ቤት ሄድሁ። ትርንጎ አስቀድማ አልሰማችውም፤ እንደማንኛዋም ሙሽራ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያው እሰማዋለሁ አለች። ዘፋኙ ልጅ ፍላሹን ተቀብሎ ከትልልቆቹ ድምፅ ማጉያዎች ጋር አገናኘ። ዳሱ ሞልቷል። ሚዜዎቹ ሙሽራዋን ሊያወጡ ቆመዋል። አጎቷ አባት በሚቀመጥበት ወንበር አጠገብ ቆመ፤ አልተቀመጠም። ትርንጎ ባዶው ወንበር ፊት ተንበረከከች።

አቶ ሞላ መናገር ጀመረ።

«ፈጣሪ ሜዳውን ይባርከው።»

ዝም አለ። ካሴቱ ሲቀዳ በዚያ ዝምታ ውስጥ የነበረው ወፍጮ ነው። እኔ ያን ጊዜ ድምፄ እንዳይገባ ብዬ አፌን ዘግቼ ነበር። አሁን ወፍጮው የለም፤ ባዶ ነው። ከዳሱ ውስጥ አንድ ሽማግሌ «አሜን» አሉ።

«ውኃው ሲመጣ በልኩ ይምጣ።»

«አሜን» አለ ግማሹ ዳስ።

«ይችን ልጄን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልኝ።»

«አሜን!»

«ጎጆዋ አይፍረስ፤ ማጀቷ አይጉደል።»

ሁሉም አሜን አለ። ትርንጎ ግንባሯን ወንበሩ ላይ አሳረፈች።

ከምርቃቱ በኋላ የሚቀር ጥቂት ድምፅ ነበር። ቤት ውስጥ በትንሿ ማጉያ ስሰማው ምን እንደሚል አልለየሁትም፤ ያልለየሁትን ስለማልቆርጥ እንዳለ ተውሁት። በዳሱ ማጉያ ጥርት ብሎ ወጣ። አቶ ሞላ ድምፁን ከፍ አድርጎ ወደ ቤት ተጣራ።

«አንጓች! እንግዳው እኮ ባዶውን ተቀምጧል፤ ጠላ አምጭለት እንጅ!»

ወይዘሮ አንጓች ከጓዳው በር ላይ «አቤት፣ መጣሁ» አሉ። ጠላውን ይዘው ወጡ።